አሥራ ሦስት «አለንልህ»

ቅጹ የጠየቀኝ የሁለት ሰው ስም ነው። እኔ አሥራ አራት ጻፍኩ። ሁለቱ መስመር ሲያልቅብኝ ሌላ ወረቀት አያይዤ ስም፣ ስልክ፣ ዝምድና እያልኩ በተራ ቁጥር ደርድሬ ሰጠሁ። ዝምድና በሚለው ሥር አንዱን «ወንድም»፣ አንዷን «እህት» እያልኩ እስከ ታች ሞላሁ። ሆስፒታሉ ይህን ሁሉ ሰው ሲያይ «ይህስ ባለ ወገን ነው» ይላል ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴነር እየጎተትኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድቻለሁ። ልቤ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ የውፍረት ነው አልኩ። ቀጥሎ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ፤ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ገዛሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጠዋት በወደቡ በር ላይ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ ራሴን ስቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ከኋላዬ ያሉት ሾፌሮች ለምን አትንቀሳቀስም ብለው ጥሩምባቸውን ሲያስጮሁብኝ ነበር አሉ። እኔ አልሰማሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከባድ መኪና አልነዳሁም።

ሆስፒታል ከርሜ ስወጣ ትንሽ ፓምፕ ተሰጠኝ። በክንዴ ደም ሥር በኩል ለልቤ የሚሆን መድኃኒት ሌት ተቀን ያንጠባጥባል። በቦርሳ አድርጌ በትከሻዬ አንግቼው እዞራለሁ፣ ስተኛም ትራሴ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። የልብ ሐኪሟ ፓምፑ የሚያቆየኝ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህ ልብ ከእንግዲህ አይጠገንም፣ መቀየር አለበት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ልጄን ብትበልጥ በጥቂት ነው። «ድሮ ቢሆን አንተን ለዚህ አናስብህም ነበር» አለችኝ ፈገግ ብላ። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ስኳርም አለብኝ። ድሮ ልብ የሚቀየርለት በዕድሜው ገና የሆነና ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው ነበር አሉ። አሁን ለእኔ ቢጤ ሽማግሌም በሩ ተከፍቷል። ሰጪዎቹም እንደ ድሮው አይደሉም። ቀድሞ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተመታ ወጣት ነበር የሚበዛው፤ ዛሬ አደንዛዥ ዕፅ ከልክ በላይ ወስደው የሚሞቱ ብዙ ናቸው፣ ዕድሜው ከገፋ ሰውም ይወሰዳል። የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ልብ ድሮ አይነካም ነበር፤ አሁን ቫይረሱን የሚያጠፋ ክኒን ስለተገኘ ልቡንም ክኒኑንም አብረው ይሰጡሃል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ነው። ድሮ ልብ የሚወሰደው አንጎሉ ሞቶ ልቡ ገና ከሚመታ ሰው ብቻ ነበር። አሁን ልቡ ራሱ ከቆመ ሰውም ይወስዳሉ። ተስፋ የተቆረጠበት በሽተኛ ቤተሰቡ ሲወስን የመተንፈሻው መሣሪያ ይነቀልና ልቡ እስኪቆም ይጠበቃል። መሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ ልቡ ወጥቶ ሳጥን የሚመስል ማሽን ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሞቅ ያለ ደም ሲዘዋወርለት እንደገና መምታት ይጀምራል። እየመታ በመኪና፣ እየመታ በአውሮፕላን ይመጣል። እኔ በሕይወቴ ስንት የማቀዝቀዣ ኮንቴነር ጎትቻለሁ፤ ሥጋውም ዓሣውም በርዶ ነው የሚጓዘው። እየሞቀ የሚሄድ ጭነት ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሟ በሰጠችኝ ቅጽ ላይ ለእያንዳንዱ ዓይነት ልብ «እቀበላለሁ» ወይም «አልቀበልም» የሚል ሳጥን ነበር። የዕፅ ወሳጁና የቫይረሱ ጋ ስደርስ እጄ ለትንሽ ቆመ። ወዲያው ራሴን ታዘብኩት። የራሴ ልብ በባትሪ እየተለመነ የሚመታ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው በሰው ልብ ላይ እንከን የማወጣው? ሁሉንም እቀበላለሁ አልኩ። ሐኪሟ ጎበዝ ብላኝ ወደ ሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ወደ ሶሻል ወርከሯ ላከችኝ።

ሶሻል ወርከሯ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጥያቄዋ ግን ሻካራ የሆነ ሴት ናት። «ልብህ ከተቀየረ በኋላ ለሦስት ወር ሃያ አራት ሰዓት ካጠገብህ የማይለይ ሰው እንፈልጋለን» አለችኝ። «መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያይ፣ ትኩሳት ቢነሳብህ የሚደውል፣ ለምርመራ ይዞህ የሚመጣ። አንተ መንዳት አትችልም። አንድ ሰው ካልቻለው እየተፈራረቁ ይሁን፤ ግን ማን በየትኛው ቀን እንደሆነ ማወቅ አለብን። ይህ ካልተሟላ ኮሚቴው ስምህን ተጠባባቂዎች ውስጥ አያስገባም።»

«ካላስገባስ?»

«ልብ አይመጣልህም» አለች።

የምኖረው ብቻዬን ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ቆይተናል፤ እሷ ሳን ሆዜ ናት። አንዲት ልጅ አለችን፣ እሷም እዚያው ሳን ሆዜ አፓርትመንት ተከራይታ ማውንቴን ቪው ትሠራለች። ልጄን ወረቀቱ ላይ አልጻፍኳትም። ሥራ ይበዛባታል፣ ምን አስጨነቃት አልኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነበር።

ስለዚህ የጻፍኳቸው የቸርች ሰዎችን ነው። የአማርኛ ጉባኤያችን አሜሪካኖቹ ጠዋት ተጠቅመውበት በሚወጡት አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ይሰበሰባል። ፓምፑን አንግቼ የመጣሁ ዕለት ሰው ሁሉ ከበበኝ። እኩዮቼ «አይዞህ፣ አለንልህ» አሉኝ። ወጣት የሆኑት «ጋሼ፣ ጀስት ኮል ያድርጉልን፣ ኤኒ ታይም» አሉኝ። አንዱ ክንዴን ይዞ «እኛ እያለን!» ብሎ ተቆጣኝ፣ ምንም ሳልጠይቀው። ደስ አለኝ። እነዚህን ሁሉ ነው ወረቀት ላይ ያሰፈርኳቸው።

ልጽፋችሁ ነው ብዬ አልነገርኳቸውም። በእኛ ዘንድ «አለንልህ» ያለህን ሰው «መቼ?» ብሎ መጠየቅ እሱን መጠራጠር ነው። ሰው ቃሉን ከሰጠ ሰጠ፤ ቀኑን ቆጥረህ ስትይዘው ፍቅሩን ያቃለልክበት ይመስለዋል። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምኜ ነው ያደግሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሶሻል ወርከሯ ጠራችኝ። አሥራ አራቱንም ስልክ ደውላ አነጋግራቸዋለች። ፊቷ ላይ ደስታም ኀዘንም የለም።

«አሥራ ሦስቱ በጣም ነው የሚወዱህ» አለችኝ። «አንዱ ስለ አንተ እያወራ አልቅሷል። ሁሉም ‹ወንድማችን ነው፣ ሁላችንም አለን› አሉኝ። እሺ፣ ማክሰኞ ጠዋት ለምርመራ ማን ያመጣዋል ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹ከእኛ አንዱ አይጠፋም› አሉኝ። ከእሱ ጋ ማን ያድራል አልኳቸው። ‹ኧረ ስለሱ አታስቢ› አሉኝ።»

«እንግዲህ ብለውሻል» አልኳት።

«ምንም አላሉኝም» አለች በዚያው በለስላሳ ድምፅዋ። «ማንም ቀን አልነገረኝም። ቁጥር አሥራ አራት ደግሞ አልችልም አለችኝ።»

ቁጥር አሥራ አራት ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ቶሎ የምትወጣ፣ ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ ሴት ናት። ሪችመንድ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ያስገባኋት ሥራዋ ሕመምተኛ መጠበቅ ስለሆነ ወረቀቱን ያሳምርልኛል ብዬ ነው። ከሁሉ ሰው እሷ አሳፈረችኝ አልኩ በልቤ። የክርስቲያን ነገር እንዲህ ነው እንዴ?

ሶሻል ወርከሯ ማስታወሻዋን ገልጣ ማንበብ ቀጠለች። «ከዓርብ እስከ ሰኞ እዚያው አዳሪ ሆና ትሠራለች፣ እሑድ ለቸርች ከምትለቀቅበት ሰዓት በቀር መቅረት አትችልም። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ማደር ትችላለች። ወደዚህ ሆስፒታል በሚያመጣው ድልድይ ላይ መንዳት ትፈራለች፣ ስለዚህ በመኪና ልታመጣህ አትችልም። የት እንደምትተኛ ጠየቀችኝ። ክኒኖቹ ስንት እንደሆኑም ጠየቀችኝ።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ከአሥራ አራቱ ጥያቄዬን የመለሰችልኝ እሷ ብቻ ናት። ኮሚቴው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሰበሰባል። የአራት ቀን ሰው ይጎድልሃል።»

ቤት ገብቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። አልዋሽም፣ ተናድጄ ነበር። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። ስልኬን ከፈትኩት፤ የድምፅ መልእክቱ ተደርድሯል። አንዱ ይመርቀኛል፣ አንዷ ጥቅስ ታነብልኛለች፣ ሌላው እጁን ያጣመረ ምስል ልኳል። ምሳዬን እየበላሁ አንድ በአንድ አዳመጥኳቸው። በቀን እስከ አሥር ሰው ይደውልልኛል፤ በሬን የሚያንኳኳ ግን በሳምንት አንድ ሰው የለም። አልወቅሳቸውም። አንዱ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ ሲሮጥ መኪና ውስጥ ነው የሚበላው፣ ሌላው ትንሽ ልጅ አለው። እኔም ስሠራ እንደነሱ ነበርኩ፤ «አለሁ» የማልለው ሰው አልነበረም።

የስልኩ መልእክት ሲያልቅ የሚሰማው የፓምፑ ድምፅ ብቻ ነው። ፈርቼ ነበር። ሞትን ብቻ አልነበረም የምፈራው። ሞቼ ስንት ቀን ሳይታወቅ እንደምቆይ አስብ ነበር። ማክሰኞ ብሞት እሑድ ሰዎች ይጠይቃሉ፣ ሰኞ በሩ ይከፈታል፤ እሑድ አመሻሽ ብሞት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ነው። እንዲህ እያሰብኩ ሻይ አፈላ ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ቁጥር አሥራ አራት ቆማለች። ከሪችመንድ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው የመጣችው። ግቢ ሳልላት ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች።

«ጋሼ፣ እኔ የት ነው የምተኛው?» አለችኝ ሳትቀመጥ።

«ሶፋው ይዘረጋል።»

«ዘርግተውት ያውቃሉ?»

አላውቅም። ጎትታ ስትዘረጋው አንዱ እግሩ ተሰብሯል። እንዳላየች አልሆነችም፤ ስልኳ ላይ መዘገበችው። ፍሪጄን ከፍታ ግማሹን ወደ ቆሻሻ ጨመረችው። ልቤ ከተቀየረ በኋላ ሰውነቴ ጀርም መቋቋም ስለማይችል ያደረ ምግብ እንደማልበላ ነገረችኝ። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ቂሜን ይዤ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ አላስቻለኝም።

«ለምን ነው አልችልም ያልሻት?»

«የማልችለውን ነዋ አልችልም ያልኩት። ከፍራይደይ እስከ መንደይ ሺፍት አለኝ። ጥዬ ብመጣ ያባርሩኛል። ድልድዩ ላይ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ገድልዎታለሁ። ምን ልበላት ታዲያ?»

«ሌሎቹ እሺ ብለዋል።»

«ይወዱዎታላ። ውሸት አላወሩም እኮ።» ፍሪጁን የምትወለውልበትን ስፖንጅ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እኔ የምሠራበት ቤት ስድስት አረጋውያን አሉ። የስድስቱም ልጆች ይወዷቸዋል። ሲመጡ አበባ ይዘው ነው የሚመጡት። የማጥባቸው ግን እኔ ነኝ።»

ፓምፑን ከትከሻዬ አውርጄ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

«ለመሆኑ ጠይቀዋቸዋል?»

«ምኑን?»

«ቀኑን።»

«እንዴት ብዬ ነው ቀን የምጠይቀው? ሰው ማስቸገር አልወድም።»

«ሰው ማስቸገር ካልወደዱ ይሞታሉ» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ቃል ወዲህ ወዲያ ብሎ ነበር የሚያመጣው። «ሰንደይ የጸሎት ርዕስ ሲባል ይነሱና ቀን ይጠይቁ። መጸለዩን እነሱ ያውቁበታል፣ እሱን አይንገሯቸው።»

ከፋርማሲ የመጣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሰባት ሳጥን ሠራች። በሦስቱ ውስጥ ስሟን ጻፈች። አራቱን ባዶውን ለእኔ ሰጥታኝ፣ ሶፋዬን አጣጥፋ ሄደች። ቤቱ ውስጥ የሳሙና ሽታ ቀረ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው የነበረበት ቤት ሸተተኝ።

እሑድ መጋቢው «የጸሎት ርዕስ ያለው» ሲል ተነሳሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነድቼ እንደዚያ ቀን እጄን አላላበኝም። ወረቀቱን አሳየኋቸው። «አለንልህ ብላችሁኛል፣ አምናችኋለሁ» አልኩ። «አሁን ግን ሆስፒታሉ ቀን ነው የሚፈልገው። ለሦስት ወር ዓርብ ዓርብ እኔ ጋ የሚያድር ማነው? ቅዳሜስ? እሑድስ? ሰኞስ? ካልሞላ ልብ አይሰጡኝም። ይኸው ነው።»

አንዲት ሴት ለልጇ ጭማቂ ስትከፍት ይሰማል። መጋቢው ራሱ መጽሐፉን ዘጋ ከፈተ አደረገ። ከአሥራ ሦስቱ ብዙዎቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ አንድ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ከአሥራ ሦስቱ ውስጥ የነበሩ፣ ተንሾካሾኩና ዓርብና ቅዳሜን እየተፈራረቅን እንይዛለን አሉ፤ መኪናም አላቸው። ሰኞን የያዘልኝ ስሙን እንኳ የማላውቀው፣ በዲቪ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ ነው። ሰኞ ዕረፍቱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ለምርመራ አድርሶኝ ከዚያ ወደ ሥራው እንደሚሄድ ነገረኝ።

እሑድን ማንም አልያዘም። እሑድ ሁሉም ቸርች ነው። «እሱን ለጌታ ትተንለታል» ብሎ መጋቢው ሲቀልድ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ፕሮግራሙ አልቆ ስንወጣ የቀሩት አንድ በአንድ እየመጡ ይቅርታ ጠየቁኝ። አንዱ እጄን ይዞ «አልችልም ወንድሜ፣ እውነት አልችልም» ሲለኝ ዕንባው መጣ። የሚገርመው፣ ያ «አልችልም» ከበፊቱ «አለንልህ» ይልቅ ቀረብ አድርጎ አቆመን።

እሑድ አመሻሽ ላይ ልጄ ትደውላለች። ሁልጊዜ እንዴት ነህ ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ፣ ስለ አየሩ እናወራለን፣ እንዘጋለን። ስለ ልቤ የነገርኳት ደም ግፊት ነው ብዬ ነበር። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት። ፓምፑን፣ ኮሚቴውን፣ አሥራ አራቱን ሰዎች፣ ባዶውን እሑድ። ስጨርስ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ፎርቲን ፒፕል?» አለች በመጨረሻ። «አሥራ አራት ሰው? እኔ ኢቭን አንዷ አይደለሁም?»

«ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነው እንጂ…»

«ኖ፣ አባዬ። ዶንት ዱ ዛት።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። ልጅ ሆና እሑድ መጥቼ እወስድሻለሁ እላት ነበር። ጫማዋን አድርጋ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ሲመሽ እናቷ መጥታ ጫማሽን አውልቂ ትላታለች። ብዙ እሑድ። እኔ ያኔ ጭነት ነበረብኝ፣ ወደቡ ተጨናንቆ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሁሉም እውነት ነበር። ላስረዳት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«አዎ» አልኳት። «እንደዚያ ነበር።»

«ሰንደይ እኔ እመጣለሁ» አለች በአማርኛ፣ ድምፅዋ ሳይለሰልስ። «ባት ዶንት ቴል ሚ ዩ አር ፋይን።» ደህና ነኝ እንዳትለኝ ማለቷ ነው። ዘጋችው።

በሳምንቱ ሆስፒታል መጥታ ፈረመች። አጠገቤ ተቀምጣ ላፕቶፗ ላይ ስትሠራ ዋለች እንጂ ብዙም አላወራችኝም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ስሜን አስገባ።

ጥሪው የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ቁጥር አሥራ አራት ክኒኖቹን ልትለማመድ ረቡዕ ረቡዕ መምጣት ጀምራ ነበርና ቤት ነበረች። አስተባባሪዋ በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ ልብ አለ፣ ግን ልቡ ገና አልቆመም። ቤተሰብ ወስኗል፣ ዛሬ ከሰዓት መተንፈሻው ይነቀላል። ቶሎ ከቆመ ልቡ ያንተ ነው። ከዘገየ ግን ይጎዳልና አንወስደውም፣ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። መጥተህ ጠብቅ።

ዓርብን የያዙት ባልና ሚስት ከሥራ አስፈቅደው አደረሱን። የሆስፒታል ልብስ ለብሼ፣ ደረቴ ተላጭቶ አልጋ ላይ ተጋደምኩ። ቁጥር አሥራ አራት ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። መጸለይ ፈለግሁ፣ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን አጣሁ። ልቡ ይቁም ልበል? የማላውቀው ሰው ቶሎ ይሙት ብዬ እግዚአብሔርን ልለምን? አይቁም ልበል? ያኔ ሟች እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ብቸኛ ሆኜ አላውቅም፣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እንኳ።

«ምን ብዬ ነው የምጸልየው?» አልኳት።

የአልጋ ልብሴን አስተካከለችልኝ። «የሚሞተው ሰው አጠገብ ላለው ይጸልዩ» አለችኝ።

«ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«እኔም አላውቅም። ለዚህ ነው የሚጸለየው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሰዓት በኋላ መጥተው አልጋዬን ገፉት።

ስነቃ ደረቴ በሙሉ ሕመም ነበር። አዲሱ ልብ ፈጣን ነው። ነርቮቹ ሲቆረጡ ተቆርጠው ስለቀሩ ብትደነግጥም ብትደሰትም ልቡ ወዲያው አይሰማውም፣ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው ብለውኛል። እውነት ነው። እሑድ ልጄ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ስትቆም ደስታው እኔ ጋ ደርሶ ነበር፤ ልቡ ግን እንደነበረው ይመታል።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ላፕቶፗን ከፈተች። የዕለቱ ነርስ ገብታ የደም ቱቦዎቹን ስታይ፣ ከነቃሁ ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኋት።

«ይህን ልብ የሰጠኝ ሰው፣ ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር?»

«ስለ ለጋሹ የማውቀው የለም፣ ባውቅም መናገር አይፈቀድልኝም» አለችኝ። ወጥታ ልትሄድ ነበር፤ ፊቴን አይታ ቆመች። «እዚህ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ቦታ የለጋሽ ልብ እስኪቆም የሚጠበቅበት ክፍል ሠርቻለሁ። እኔ በነበርኩበት ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ይቀመጣል። እጁን ይዘው ይጠብቃሉ።»

«ቤተሰብ የሌለውስ?»

«እሱ ጋ እኛ ነበርን የምንቀመጠው። ተራ የያዘችው ወንበር ስባ አጠገቡ ትሆናለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ» አለች።

ማልቀስ ጀመርኩ። ስፌቱ እያመመኝ፣ ማቆም አቅቶኝ አለቀስኩ። ልጄ ተነስታ መጣች።

«አባዬ? ዋት ኢዝ ኢት?»

«ዛሬ አትሂጂ» አልኳት።

«እስከ ኢቭኒንግ አለሁ እኮ።»

«እዚህ እደሪ። ብቻዬን መሆን ፈርቻለሁ።» ይህን ለእናቷም፣ ለወንድሞቼም፣ ለማንም ብዬ አላውቅም።

ዞር ብላ ላፕቶፗን አየችው። «ነገ ጠዋት ሚቲንግ አለኝ።»

«አውቃለሁ። ግን እየጠየቅሁሽ ነው።»

ወደ ነርሷ ዞረችና የሚታጠፍ አልጋ ይኖራል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ነርሷ አለ አለቻት፤ ብርድ ልብስም አምጥታ ሰጠቻት።